ስድስት ልጅ አንድ ፊደል

ጋሽ በዳዳ ሞቱ የሚል ወሬ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ደርሶኛል። ሦስቱንም ጊዜ ያስተባበሉት ራሳቸው ናቸው፤ ስልክ ደውለው። «ሃሎ፣ ሟቹ ነኝ» ይላሉ። «ማን ማን አለቀሰ? አንተስ ከልብህ ነው ወይስ ለይሉኝታ?» አንድ ጊዜ እንዲያውም ለራሳቸው ለቅሶ የተጣለ ድንኳን ገብተው ንፍሮ በልተው ወጥተዋል ብዬ ለሰው አውርቻለሁ። ይህኛው እውነት አይደለም፤ ግን እሳቸውን የሚያውቅ ሰው አንድም አልተጠራጠረም።

ባለፈው ወር ጫልቱ ደወለችልኝ። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ እግር ካልሲ እየፈለግሁ ነበር።

«ጋሼ አረፉ» አለችኝ።

«ተያቸው፣ ሲመቻቸው ይደውላሉ» አልኳት።

ያን ቀን ስልኩን ከእጄ ሳልለይ ዋልኩ። አልደወሉም።

እኔም ጫልቱም ዓይነ ስውራን ነን። የእኔን ዓይን ኩፍኝ ወሰደው፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። የእሷን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እሷ «የተዋሰኝ ሰው አለ፣ ይመልሳል» ትላለች። ሁለታችንንም ማንበብ ያስተማሩን ጋሽ በዳዳ ናቸው፤ ባቡሩ ገና ከጅቡቲ እያፏጨ አቃቂ በሚገባበት ዘመን፣ ጣቢያው ጥግ በቆመ አሮጌ የዕቃ ፉርጎ ውስጥ።

ጋሽ በዳዳ ራሳቸውም አያዩም። ከጣቢያው ማዶ ባለ አንድ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። በልጅነታቸው ሚሲዮኖች ዘንድ ብሬል ተምረው ሲያበቁ ዕድሜ ልካቸውን የአቃቂን ጆሮ በገመድ ሲያገናኙ ኖሩ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው አለቃ ሚስቱን «ስብሰባ ላይ ነኝ» እንዳላት፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ አንዱንም አይናገሩም። የስልኩ ጠባይ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭም አይለቃቸውም። በራቸውን ስታንኳኳ መልሳቸው «ማን ልበል?» ነው። ትምህርት ያልገባው ልጅ ሲገጥማቸው አይቆጡም፤ «መስመሩ ተይዟል፣ ቆየት ብለህ ሞክር» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ቁመታቸውን አላውቅም፤ ድምፃቸው ግን ከላይ፣ ከደመናው አካባቢ ነበር የሚመጣው። ሲስቁ የሳሪስ አቦ ውሾች ይመልሱላቸዋል። ቀኝ ጫማቸው ይጮሃል። «ለምን አያሠሩትም ጋሼ?» ስንላቸው «ጫማዬ ዝም ካለ የት እንዳለሁ በምን አውቃለሁ?» ይሉን ነበር።

እኔ እሳቸው ዘንድ የደረስኩት በእናቴና በአባቴ ጭቅጭቅ መሐል ተንሸራትቼ ነው። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ቃሉም እንደ ሐዲዱ ነው፣ አንዴ ከተዘረጋ አይታጠፍም።

«ዓይን የሌለው ልጅ ደብተር ምን ያደርግለታል? ቡልጋ አጎቱ ዘንድ ይሂድ» አለ። «እዚያ ቢያንስ መኪና የለም።»

«ገደልስ?» አለች እናቴ።

«ገደል ባለበት ይቆማል። መኪና ነው እየበረረ የሚመጣብህ።»

እናቴ በዚህ አልተረታችም። በሠፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ፊት ሦስት ጊዜ ቆማ አንድ ተስፋ ይዛ ተመለሰች፤ ልጁ በጣቱ ማንበብ ከቻለ መስከረም ላይ ተፈትኖ ከዓይናሞቹ ጋር ይማራል። አባቴም ቃሉን ዘረጋ። «ካነበበ ይማር። ካላነበበ መስቀልን ቡልጋ ነው የሚውለው።»

ቡልጋን አላውቀውም ነበር። የማውቀው፣ አጎቴ ቤት በር ላይ የሚቀመጥ አንድ ዓይነ ስውር ዘመድ እንዳለን ነው። ሥራው ዶሮ ማባረር ነው። እኔ ምክትሉ ልሆን ነበር።

እንግዲህ ወደ ፉርጎው እንግባ። መንኮራኩሩ ዝጎ፣ ወለሉ ላይ የጨውና የቡና ሽታ ተኝቶበት፣ ለሌላ ነገር አልሆን ያለ ፉርጎ ነበር፤ የጣቢያው ሹም ለጋሼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድንማርበት ፈቀዱ። ከበሩ እስከ ውሃ ቧንቧው አርባ እርምጃ ነው፤ ከቧንቧው እስከ ጣቢያው በር ሃያ አምስት። ሁላችንም ቆጥረን ይዘነዋል። አንድ ቅዳሜ ትምህርት ላይ ሳለን ፉርጎው ዘለለ። ባቡሩ ጥግ ለማስለቀቅ ገፍቶን ነው። «ተቀመጡ፣ መሬት ነው የዞረው እንጂ እኛ አይደለንም» አሉ ጋሼ፤ ትምህርቱም ቀጠለ። ስንጨርስ እሳቸው ከፊት፣ እኛ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ከኋላ፣ እንደ ወትሮው አርባ እርምጃ ቆጠርን። አርባኛው ላይ የሹሙ ሚስት ጎመን መሐል ቆመናል። ሴትዮዋ «ኧረ ጎመኔን!» ብለው ሲጮኹ ጋሼ ኮፍያቸውን አነሱ። «ይቅርታ እመቤቴ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው።»

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። የብሬል ፊደል ስድስት ነጥብ ነው፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። የትኞቹ ጉብ እንዳሉና የትኞቹ እንደጠፉ በጣትህ አውቀህ ፊደሉን ታወጣለህ። ይህን ለአንድ ሕፃን አፍህ እስኪደርቅ ብታወራው አይገባውም። ጋሽ በዳዳ ግን ሰባት ተማሪ ነበራቸው። ስድስታችንን በሁለት ረድፍ ወለል ላይ ያስቀምጡና ነጥብ ያደርጉናል። ነጥብ አንድ ለማ ነው፤ ከኋላው ነጥብ ሁለት ታናሽ ወንድሙ ቶሎሳ። ጫልቱ በቀኝ ረድፍ መጀመሪያ ነጥብ አራት ናት። «ለማ ቁም! ቶሎሳ ቁም!» ይላሉ። ሁለቱ ከቆሙና ሌላው ከተቀመጠ ያ ፊደል ብ ነው። የግራው ረድፍ እንዳለ ከቆመ ል ነው። ሰባተኛው ልጅ አንባቢ ይባላል፤ ጭንቅላታችንን በመዳፉ እየደባበሰ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደተቀመጠ አይቶ ፊደሉን ይጠራል።

እንዲህ ያለ ፊደል በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ፊደላችን ያስነጥሳል። ፊደላችን «ጋሼ፣ ሽንቴ መጣ» ይላል፤ ያኔ ነጥብ አምስት ወደ ውጭ ይወጣና ቃሉ ትርጉም ያጣል። አንድ ቀን ለማና ቶሎሳ ተጣልተው ወንድምየው «ከእሱ ጋር አልቆምም» ስላለ ያን ቅዳሜ ሙሉ ብ ያለበት ቃል ሳንማር ቀረን። ጫልቱ ጸጉሯን ቁጥርጥር ስትሠራ አንባቢው እሷን ብቻ እየደባበሰ ይቆያል። «ይሄ ፊደል ከበደህ እንዴ?» ይሉታል ጋሼ፤ ፉርጎው በሳቅ ይናወጣል።

ከጭንቅላት ወደ ወረቀት ስንሸጋገር ሌላ ጭንቅ መጣ። ወረቀታችን የፋብሪካው ያለፈ ዓመት ካላንደር ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ነጥብ ይይዛል። ስሌት የምንለው፣ መስኮት መስኮት ያለው ብረት አለ፤ ወረቀቱን መንጋጋው ውስጥ ታስነክሰውና በመውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ትወጋለህ። ስትገለብጠው የወጋኸው ጉድጓድ በጀርባው ጉብታ ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ብርድ በሆነ ቀን ጋሼ መጽሐፍ አያስነኩንም። «እጅ ብብት ውስጥ!» ይላሉ፤ ሰባት ልጅ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ እንደ ተቀጣ ይቀመጣል። «ብርድ የያዘው ጣት መሃይም ነው።» ደግሞ መጫን ክልክል ነው። «ነጥብን የተኛ ሕፃን እንደምትነካው ንካው። ከቀሰቀስከው ያለቅሳል፣ አያወራህም።»

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። እኔ ማንበብ አልቻልኩም፤ ግን አነብ ነበር። ጆሮዬ አንድ ጊዜ የሰማውን አይለቅም። ከተማው ውስጥ ያለችው አንዲት የብሬል መጽሐፍ የጋሼ ናት፤ ፍራሽ የምታህል የተረት መጽሐፍ። እሳቸው አንድ ጊዜ ያነቡልናል፤ እኔ እይዛለሁ። ተራዬ ሲደርስ ጣቴን በነጥቦቹ ላይ እንደ ቅባት እያንሸራተትኩ እወርደዋለሁ። ልትወስደኝ የመጣችው እናቴ በደስታ ታለቅሳለች። የነጥብ ስድስት እናት ልጇን «እሱን አታይም?» ብላ ትቆነጥጣለች። አንባቢነቱም ለእኔ ተሰጠ፤ ስለ ራሴ ጥሩ አስተያየት ነበረኝ።

ሰኔ ላይ አንድ ቅዳሜ ጋሼ አንድ ቅጠል ወረቀት ሰጡኝ። «የባለፈው ትምህርት ነው። አንብብልኝ።» ጣቴን አሳርፌ የላሟንና የጥጃዋን ትምህርት ከነድምፅ አወራረዱ አወረድኩት።

«ግሩም» አሉ። «ያነበብከው የፋብሪካው የውስጥ ስልክ ቁጥር ዝርዝር ነው። ያውም ተዘቅዝቆ።»

ነጥቦቹ በሙሉ ሳቁ። እኔ ፉርጎው ተነሥቶ ጅቡቲ ቢወስደኝ ተመኘሁ።

«አንተ ልጅ አይደለህም፣ ቴፕ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቴፑ ሆነ፤ ጫልቱ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ጫማቸው እየጮኸ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ለአባትህ አልነግርም» አሉ። «ግን ስማኝ ቴፑ። ቴፕ የሚናገረው ሰው የሞላበትን ነው። እኔ ስሞት ማን ይሞላልሃል?»

«እርስዎ አይሞቱም ጋሼ።»

«እሱማ ልክ ነህ፣ ግን ብሞትስ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአንባቢነት ወደ ነጥብነት ተዋረድኩ። ነጥብ ስድስት አንባቢ ሆነ፣ እኔ በእሱ ቦታ ወለል ላይ። ክረምቱን ሙሉ ቁም ሲሉኝ ስቆም፣ ተቀመጥ ሲሉኝ ስቀመጥ ጉልበቴ ፊደል አወቀ። ዝናቡ የፉርጎውን ጣሪያ ሲደበድብ እንጮኻለን፤ ነሐሴ ላይ ጣቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጆሮዬ ቀድሞ አንድ ቃል ደረሰ። ቃሉ «በግ» ነበር። በግ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ አስደስቶኝ አያውቅም፤ ፋሲካን ጨምሮ። ግን ፍጥነቴ! አንዱን መስመር ስጀምር ከጅቡቲ የተነሣ ባቡር ስጨርሰው አቃቂ ይገባል።

መስከረም መጣ። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ እሳቸው፣ አባቴ፣ እኔ፣ ፍራሽ የምታህለውን መጽሐፍ ታቅፈው ጋሽ በዳዳ። አባቴ ሲጋራ ሳይዝ እንደሚያጨስ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ሲጨነቅ እንደዚያ ነው።

«አቶ በዳዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ልጆቹ ይህን መጽሐፍ በቃላቸው ነው የሚወጡት ይባላል። እኔ ደግሞ ነጥብ አላነብም። ስለዚህ የቀለሙን መጽሐፍ አስመጥቻለሁ፤ ልጁ ሲያነብ በዓይኔ እከተለዋለሁ። አንዲት ቃል ከራሱ ከጨመረ አልቀበለውም። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለ አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«የኤሊዋን ሠርግ ያውጣ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ጋሽ በዳዳ ሳሉ። «ሌላ ቢሆን አይሻልም?»

«ለምን?»

«ይቺ እንኳ... አጭር ናት።»

«ለልጁ የሚቀለው አጭር አይደለም እንዴ?»

ጋሼ እንደገና ሳሉ። እኔ ግን ልቤ ዘፈነች። የኤሊዋን ተረት እንደ ስሜ ነው የማውቃት! ጋሼ ሲያነቡልን ኤሊ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ትነሣለች፤ አቃቂ ጣቢያ ደርሳ የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት ትቆርጣለች፤ ትኬት ተቆጣጣሪው ጀርባዋ ላይ ያለውን ድንጋይ «ይሄ ሻንጣ ነው፣ ወደ ጭነት ፉርጎ ይግባ» ይላታል፤ እሷ «ቤቴ ነው» ትላለች፤ ሞጆ እስኪደርሱ ይከራከራሉ። ይህን ነጥብ ለነጥብ አውቀዋለሁ። ወደ ቡልጋ የሚወስደው መንገድ ከኋላዬ ሲዘጋ ተሰማኝ።

ጣቴን አሳረፍኩ። «ኤሊ ወደ እህቷ ልጅ ሠርግ ልትሄድ ተነሣች» አልኩ። ከጣቴ ይሁን ከጆሮዬ አላውቅም፣ በፍጥነት ነው የወጣው።

«ልክ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ቀጥሎ አፌ «አቃቂ» ሊል ተከፈተ። ጣቴ ግን እምቢ አለ። ጣቴ ሥር የቆሙት ለማና ቶሎሳ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ተቀምጧል። ብ። አቃቂ ደግሞ በለማና በቶሎሳ አይጀምርም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት። አሁንም ቆመዋል። አፌ ክፍት፣ ጣቴ እዚያው። አባቴ መተንፈስ አቆመ።

«ምን ሆንክ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «አትችልም?»

አፌን ባምነው በአንድ ትንፋሽ ወርጄው መውጣት እችል ነበር። ጣቴን ባምነው ግን ጋሽ በዳዳ ተሳስተዋል ማለት ነው፤ ጋሽ በዳዳ ደግሞ አይሳሳቱም። አንድ በአንድ ሄድኩ። በ... እ... ግ... ሯ። በእግሯ። ቀጥሎ፣ ሄ... ደ... ች። ታች ወረድኩ፤ ምናልባት ትኬቱ እዚያ ይሆናል ብዬ። የለም። መስመሩን እስከ ዳር ዳሰስኩት።

«ጋሼ!» ብዬ ጮኽኩ። «እዚህ ላይ ባቡር የለም!»



«የምን ባቡር?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«በእግሯ ነው የሄደችው! አቃቂ የሚል የለም! ተቆጣጣሪውም የለም! ስትደርስ ሠርጉ አልቆ ነበር ይላል፣ አለቀ!»

ርዕሰ መምህሩ ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ ሰማሁ። «በእርግጥም የለም» አሉ ቀስ ብለው። «አቶ በዳዳ፣ ይቺ ኤሊ ባቡር የተሳፈረችው ከየት ነው?»

«ከአቃቂ» አሉ ጋሼ፤ ያ ከደመና የሚመጣው ድምፅ ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ። «በሦስተኛ ማዕረግ።»

ርዕሰ መምህሩ እየሳቁ ብዕራቸውን አነሡ። «በቃሉ ቢሆን ኖሮ ባቡሩ ላይ ይወጣ ነበር። ሙሉ ስምህ ማን ነው?»

ከቢሮው ወጥተን ጥቂት ከተራመድን በኋላ አባቴ ቆመና እጄን ያዘ። «የትኛው ነው?» አለኝ።

«ምኑ አባባ?»

«ጣቱ።»

ሌባ ጣቴን ሰጠሁት። እንደ ቡሎን አገላብጦ ዳሰሰው፤ ዓይኑ የት እንዳለ የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ጋሽ በዳዳ ዞሮ በቁም ነገር ጠየቃቸው። «እኔ የምለው ጋሼ፣ ተቆጣጣሪው መጨረሻ ላይ ድንጋዩን ጭነት አስገባው ወይ?»

«አላስገባውም። ይግባኝ አለች» አሉ ጋሼ።

እሳቸው ከዚያን ቀን ጀምረው ለጠየቃቸው ሁሉ «ባቡሩን ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት። ቃል የሚሸመድድ ልጅ መያዣ ወጥመድ ነው» ይሉ ነበር። ጫልቱ ታምናቸዋለች። እኔ ያንን ሳል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ወጥመድ ያጠመደ ሰው እንደዚያ አይስልም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ፉርጎው ደርሷል። ስገባ ስድስቱም ነጥቦች ቆመው ይጮኻሉ፤ እንዲህ ያለ ፊደል የለም።

«ጅቡስ ጋሼ?» ይላል ለማ። «ጅቡ ሞጆ ላይ ቡና ቤት ነበረው ያሉን እውነት ነው?»

«የጦጣዋ መነጽርስ?» ትላለች ጫልቱ። «መጽሐፉ ላይ አለ? በጣቴ ካልነካሁ አላምንም!»

ጋሽ በዳዳ መጽሐፏን አምጥተው መሐላችን ወለሉ ላይ አኖሯት። «እጅ ብብት ውስጥ» አሉ። እስክናሞቅ ጠበቁን። «በሉ፣ ከእንግዲህ እኔ አላነብም። እናንተ አንብቡ፣ እኔ ልስማ።»

ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እኛ በየተራ፣ እየተጋፋን፣ በኤሊ ፍጥነት አነበብን። ጅቡ ቡና ቤት አልነበረውም። ጦጣዋም መነጽር አልነበራትም፤ ዛፍ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ አለቀ። አንድ ሰዓት ያወሩልን የነበረው ተረት አራት መስመር ሆኖ ተገኘ። ከመጨረሻው ቃል በኋላ ሁላችንም ወደ ጆንያው ዞረን ጠበቅን።

«አይ!» አሉ ጋሽ በዳዳ፣ ከልባቸው አዝነው። «ይህን የጻፈው ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም።»